እትዬ ሌሊሴና የማታው ዝማሬ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፋርማሲው ውስጥ ለአንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ አሰጣጥ እያስረዳሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። አላነሳሁትም። ደግሞ ጠራ። ናሆም ነው፤ አብሮን የሚዘምር ቴነር። ናሆም በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም፣ መልእክት ነው የሚልከው። ስለዚህ ገና ሳላነሳው ምን እንደሚለኝ አውቄዋለሁ።

«ማርቲ፣ እትዬ ሌሊሴ አረፉ» አለኝ። «ቢሾፍቱ፣ እህታቸው ቤት።»

«እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የሽሮፑን ነገር ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሴትየዋ ግን ብልቃጡን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«ምነው ልጄ? ዘመድ ነው?» አሉኝ።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ዘመዴ አይደሉም ብል ውሸት መሰለኝ፤ ናቸው ብልም ውሸት ነው። «አብረን የምንዘምር ሰው ናቸው» አልኳቸው።

እትዬ ሌሊሴ አዳማ ውስጥ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ትንሽ ኳየር መሪ ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉራቸውን ከሥሩ የሚቆረጡ ሴት ናቸው። ለአገልግሎት ሲቆሙ ከረጅሙ ጋውናቸው ሥር ነጭ ስኒከር ብቅ ይላል። አንድ ቀን አንዷ ሶፕራኖ ዘማሪ ደፍራ፣ «እትዬ፣ ጫማው ከጋውኑ ጋር አይሄድም እኮ» ብትላቸው፣ «ከእግሬ ጋር ይሄዳል» ብለዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ስልክ ቤት ነበር፣ ኦፕሬተር ሆነው። በዚያ ዘመን ናዝሬት ትባል ከነበረችው ከተማችን ድሬዳዋ ወይም አሰላ መደወል የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የእሳቸውን «ሃሎ፣ ናዝሬት» ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሲጠይቁ ሰምቶ ዞር የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። «እርስዎ ስልክ ቤት የነበሩት አይደሉም?» ይላቸዋል። ድምፃቸው ወፍራምም ቀጭንም አልነበረም። ንጹሕ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ ይሰማል። ከእኛም የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። «ቃሉን ዋጣችሁት! አትዋጡት፣ ስጡት!» ይሉናል፤ ልምምዱን አቋርጠው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

የእሳቸው ኳየር ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ማለት ኪቦርድ፣ ድራም፣ ደረት የሚደልቅ ስፒከር ማለት ነው። እኔም በዚያው ያደግሁ ነኝ፣ አልጠላውም። እትዬ ሌሊሴ ግን ወለጋ ውስጥ ነው የተወለዱት። አባታቸው ወንጌላዊ ነበሩ፤ በየማታው ፀሐይ ስትገባ የመንደሩን ሰው ሰብስበው ያለ ምንም መሣሪያ በአራት ድምፅ የማታ ጸሎት ያስዘምሩ ነበር። መዝሙሮቹን አባትየው ራሳቸው በኦሮምኛ ሠርተዋቸዋል። ልጅየዋ በቃሏ ይዛቸው አደገች፣ አዳማ ከመጣች በኋላ ደግሞ ወደ አማርኛ መለሰቻቸው። ጡረታ በወጡ ማግስት እትዬ ሌሊሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው፣ አሥራ ምናምን ሰው ስጡኝና ቅዳሜ ቅዳሜ በየከተማው እየዞርን የማታ ጸሎት እንዘምር አሉ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ነገር ሲገባቸው ቀስ ብሎ ነው። «ያለ ስፒከር ማን ይሰማችኋል?» አሉ።

«ማታ ሰው ደክሞት ነው የሚመጣው» አሉ እትዬ ሌሊሴ። «የደከመ ሰው ላይ አይጮኽም፣ ጋሽ ወንድሙ።»

የመጀመሪያ ጉዟችን ወለንጪቲ ነበር። አዲስ ጋውን አሰፍተን፣ በሚኒባስ ተጠቅጥቀን፣ በዚያ ሙቀት ላባችን እየተንጠፈጠፈ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጧል። አንደኛው ዘበኛው ናቸው። የአጥቢያው አገልጋይ በጣም አፈሩ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፣ ሰዉ ገና አልተመለሰም፣ ምናልባት ሁለት ሦስቱን ዘምራችሁ ብትሄዱ አይከፋንም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ደስ ብሎን ነበር።

እትዬ ሌሊሴ እንዳልሰማ ሰው በሰልፋችን ፊት ቆሙ። መነሻ ድምፁን ሰጡን። ከመግቢያው እስከ መዝጊያው፣ አንድ ስንኝ ሳይዘሉ፣ ሙሉውን አስዘመሩን። መሐል ላይ ቴነሮቹ ለዝበው ሲዘምሩ አስቆሟቸው። በፕሮግራም መሐል! አምስቱ ሰዎች ፊት! «ለአምስት ሰው የሚዘመር ሌላ መዝሙር አለ እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው አስጀመሯቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ወለንጪቲ መውጫ ላይ ዞረው አዩንና፣ «ጀባዳ!» አሉ። በኦሮምኛ በርቱ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ደክሞናል ባልን ቁጥር የምንሰማው ይህችን ቃል ነበር።

እንዲህ እያልን ወንጂን፣ መተሐራን፣ መልካሳን፣ መቂን አዳረስን። ቀስ በቀስ ሰው ለመደን። መተሐራ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ከነሥራ ልብሳቸው ከኋላ ገብተው ይቀመጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እኛ ስናዝን እትዬ ሌሊሴ ደስ ይላቸዋል። «እዚህ ካልተኛ የት ይተኛ?» ይላሉ።

አንገታቸው ላይ እብጠት ነበረባቸው፤ እንቅርት። በነጠላቸው ስለሚሸፍኑት ረስተነው ነበር። እያደገ ሲሄድ አዲስ አበባ ሄደው ታዩ። ሐኪሙ እብጠቱ የድምፅ ነርቭ ላይ ተጣብቋል፣ ሲወጣ ድምፅዎ ሊሄድ ይችላል አላቸው። አብሬያቸው ገብቼ ስለነበር ሰምቻለሁ።

«ካልወጣስ?» አሉት።

«መተንፈሻዎን ይዘጋል።»

«እንግዲያው አውጣው» አሉት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ወጣ። ድምፁም አብሮ ሄደ። ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ቤታቸው ስንሄድ ከአፋቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ዓይነት። ያንን «ሃሎ፣ ናዝሬት» የሚለውን ድምፅ እያሰብን ሁላችንም ማልቀስ ጀመርን። እትዬ ሌሊሴ አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ጠጋ እንድንል በእጃቸው ጠቆሙና፣ «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣችሁት?» አሉ በሹክሹክታ።

ጋሽ ወንድሙም መጡ። ስለ አገልግሎታቸው እሑድ የምስጋና ፕሮግራም እንደታሰበ፣ ስጦታም እንደሚኖር፣ ኳየሩ ደግሞ ከትልቁ ኳየር ጋር እንደሚቀላቀል ረጋ ብለው ነገሯቸው። ክፋት አልነበረበትም። ያከበሯቸው መስሏቸው ነው።

«ምን ሆኜ ነው የምትሸኙኝ?» አሉ እትዬ ሌሊሴ።

ጋሽ ወንድሙ አልሰሙም፤ እኔ ደገምኩላቸው።

«አይ፣ እንግዲህ ድምፅዎ...» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

«እኔ መቼ ዘመርኩ? የሚዘምሩት እነሱ ናቸው።»

ይህንንም ደገምኩላቸው። ጋሽ ወንድሙ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩና፣ «እሺ፣ እስኪ እናያለን» ብለው ወጡ።

የመጀመሪያው ልምምድ ያስቃል። ሰው ሹክ ሲልህ አንተም ሹክ ትላለህ፤ ሳናውቀው ሁላችንም በሹክሹክታ እንዘምር ጀመር። እትዬ ሌሊሴ እጃቸውን አርገፈገፉና ናሆምን ጠርተው በጆሮው የሆነ ነገር ነገሩት። ናሆም ቆሞ፣ «የታመምኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ? ብለዋል» አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መስመር ያዘ። መነሻ ድምፁን ናሆም ስልኩ ላይ ካለው ፒያኖ ይሰጠናል፤ ቀሪው የእጃቸው ሥራ ነው። የሚሉትን ለመስማት ዝም ማለት ነበረብን፣ ለመከተል ደግሞ ዓይናችንን ከእሳቸው አለመንቀል። ዝማሬያችን ተሻሻለ። እሳቸው ይህንን ሲነግሯቸው አይወዱም ነበር። «ድምፄ መሄዱ ጠቀማችሁ ልትሉኝ ነው?» ብለው አንድ ጊዜ ተቆጥተውናል። ድምፃቸውን በጣም ይወዱት ነበር። አንድ ቀን በር ሳላንኳኳ ስገባ ብቻቸውን ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ሲሞክሩ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሳል አስመሰሉት። እኔም እንደ ሳል ተቀበልኩት።

የስልክ ሥራቸው ለእኔ ደረሰኝ። ለየአጥቢያው የምደውለው እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በጆሮዬ ይነግሩኛል፣ እኔ እናገራለሁ። «አትለማመጪ» ይሉኛል። «እንመጣለን በይ። በቃ።»

አንድ ቅዳሜ ከመቂ አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ ከተማ ለመሄድ እንዲህ ሁለት ቦታ አስደወሉኝ። መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ ለሚባሉ ሰው፣ ቀጥሎ ኦቦ ገመቹ ለሚባሉ። ለሁለቱም ያልኩት አንድ ነው፤ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትገባ መጥተን እንዘምራለን። ሁለቱም ደስ አላቸው። ሁለት አጥቢያ ያለ መስሎኝ ለምን አንድ ሰዓት እንደሰጠናቸው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ሆኖም አልጠየቅኳቸውም።

ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ነው። በሩ ላይ ግን ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ነገሩን እዚያው ነው የሰማነው። ምዕመናኑ ድሮ አንድ ነበሩ። ቋንቋ ለይተው ማምለክ ሲጀምሩ ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በኦሮምኛ ተባለና ሰላም ሆነ። የማታው ሰዓት ግን ለማን እንደሆነ አልተነገረም ነበር። በዚያ ተጣሉ። የጋሽ ታደሰ ወገን ጓጉንቸር ገዝቶ ዘጋ። የኦቦ ገመቹ ወገን ሌላ ገዝቶ በላዩ ዘጋ። እሑድ ጠዋትና ከሰዓት ሁለቱም ቁልፋቸውን ያመጣሉ፤ ለማታው ግን አንዱ ለሌላው ስለማይከፍት በማታ ከተከፈተ ቆይቷል። ወላጆቹ አብረው የዘመሩ ሰው አሁን መንገድ ላይ ሰላም አይባባልም።

ያን ቀን ሁለቱም ወገን እንግዶቹ የእኔ ናቸው ብሎ ደጁ ላይ ተሰብስቧል። ጋሽ ታደሰ ቀጭን ረጅም፣ ኮታቸውን የቆለፉ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ደልዳላ፣ ከዘራ የያዙ። ገና ከሚኒባሱ ሳንወርድ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

«ለእኔ ነው የደወሉልኝ!»

«ለእኔም ደውለዋል! መጀመሪያ አንተ ክፈት!»

እኔ በኀፍረት ልሞት ደረስኩ። ለሁለቱም የደወልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሌሊሴ ግን ቀስ ብለው ወርደው፣ በስኒከራቸው አቧራውን እየረገጡ፣ መሐላቸው ገብተው ቆሙ። ሁለቱም ይናገሯቸዋል፣ እሳቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ጉሮሯቸውን በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ ሁለቱንም በእጃቸው ጠሩ፤ ቅረቡ።

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ አሉ። እሳቸው አጭር ስለሆኑ በጣም ነው ጎንበስ ያሉት፤ ራስ ለራስ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ሰዉ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጸጥ አለ። እኔ ከጀርባቸው ስለነበርኩ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«ፀሐይ እየገባች ነው» አሉ። «እነዚህ ልጆች በዚህ ሙቀት ከአዳማ ድረስ መጥተዋል። ከከፈታችሁ ውስጥ እንዘምራለን። ካልከፈታችሁ ደጁ ላይ እንዘምራለን፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ጓጉንቸሮቻችሁን ያያል።»

ጋሽ ታደሰ ቀና አሉና የሰዉን ፊት አዩ። ቁልፋቸውን አውጥተው የራሳቸውን ከፈቱ። ኦቦ ገመቹ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። አልነቃነቅ አሉ።

እትዬ ሌሊሴ አልለመኗቸውም። ወደ እኛ ዞሩና በረንዳው ላይ አሰለፉን። ናሆም ድምፁን ሰጠን። የአባታቸውን መዝሙር አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ እንድንዘምረው በጣታቸው አሳዩ፤ ያንን ሳንለማመደው ነው። ጀመርን። ድምፃችን እየተንቀጠቀጠ ነበር። እትዬ ሌሊሴ ክርናቸውን ከፍ አደረጉ፤ የዚያ ትርጉም ፍሩ ግን ዘምሩ ነው። በአጥሩ በኩል ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ ከመስጊድ ይመለሱ የነበሩ ሰዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ከሰዉ መሐል አንዲት ሴትዮ ድንገት ተነጥለው መጡ። የኦቦ ገመቹ ባለቤት ናቸው። እጃቸውን በባላቸው ኮት ኪስ ውስጥ ከተው ቁልፉን አወጡ፣ በመሐላችን አልፈው በሩን ከፈቱ። ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን እንደተከሉ ቀሩ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበዛ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ፈገግ አሉ።

ገባን። እየዘመርን ነው የገባነው። ወንበሩ አቧራ ጠጥቷል፣ ሰዉ ግን ሳይጠርግ ተቀመጠ። ኦሮምኛው ሲመጣ ግማሹ ይቀበለናል፣ አማርኛው ሲመጣ ሌላው ግማሽ። ወደ መጨረሻው ላይ ማን የትኛውን እንደሚቀበል መለየት አቃተኝ፤ አሮጊቶቹ ሁለቱንም ያውቁታል።

ታረቁ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን እንዲያ አልሆነም። እንደጨረስን ማን ይዝጋ በሚለው እንደገና ጭቅጭቅ ተነሳ። ሹፌራችን ክላክስ ያደርጋል። እትዬ ሌሊሴ ሄደው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። በሩ ከእሳቸው ጋር አይዘጋም። ጋሽ ታደሰ መጥተው፣ «እማማ፣ ይሂዱ እንጂ ይመሽብዎታል» አሏቸው። እትዬ ሌሊሴ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ገመቹ መጡ፤ ለእሳቸውም ያው። በመጨረሻ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈቀቅ ብለው ለብቻቸው ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም። ሲመለሱ አንደኛውን ጓጉንቸር አንስተው በአንዱ ብቻ ዘጉ። ያ ጓጉንቸር ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱን አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ኪሱ ከተተ።

ሚኒባስ ውስጥ፣ «እትዬ፣ እኔን ውሸታም አደረጉኝ እኮ!» አልኳቸው።

«ምን ዋሸሽ? እንመጣለን አልሽ፣ መጣን» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ትከሻዬ ላይ ተኙ።

በዚያች ከተማ የማታው ሰዓት ዛሬ የሁለቱም ነው። ጠዋቱና ከሰዓቱ እንደተለያየ ነው። ጭቅጭቁም አልፎ አልፎ ይነሳል ይባላል። በሩ ግን ማታ ይከፈታል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአንገታቸው ሕመም ተመልሶ ደረታቸው ውስጥ ገባ። ቆሞ ማስዘመር ሲያቅታቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጅ ሲከብዳቸው በአንድ እጅ መሩን። ከዚያ እህታቸው ወደ ቢሾፍቱ ወሰዷቸው። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ እሑድ ዕለት፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። በጣም ከስተው ነበር። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ቅዳሜ ወንጂ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ትንሽ እስኪሻልዎ ብናቆየውስ ብለን...»

«እኔን ለማስታመም ነው ኳየር የገባሽው?»

ቅዳሜ ማን እንደሚመራ ጠየቁኝ። ገና አልተነጋገርንም አልኳቸው። እጄን ያዙና የእኔን እጅ በራሳቸው እጅ ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ሦስት ምት፣ ቀስ ብለው። «ክርንሽ ይላላል» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

የቀበርናቸው ረቡዕ ነው፣ አዳማ። ሰዉ ከየከተማው መጥቶ ግቢውን ሞላው። መሪ ሳይኖረን ልንዘምር ስንቆም ጋሽ ወንድሙ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ድምፅ ባለሙያው ሄዱና ስፒከሩን እንዲያጠፋ ነገሩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እዚያው ቆመው ሰሙን።

ሐሙስ ዕለት የወንጂው አጥቢያ አገልጋይ ደወሉልኝ። «ሐዘን ላይ ናችሁ፣ የቅዳሜውን ሌላ ጊዜ እናደርገዋለን፣ አትቸገሩ» አሉኝ በጣም በትሕትና። ግማሹ የኳየሩ ሰውም ይህንኑ ይፈልግ ነበር። ናሆም ራሱ፣ «ማርቲ፣ ማን ይቆማል?» ብሎኛል። እኔ ኳየር ፊት ቆሜ መርቼ አላውቅም። አልቶ ዘማሪ ነኝ፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወጥቼ አላውቅም።

«እንመጣለን» አልኳቸው አገልጋዩን። አልተለማመጥኩም።

ቅዳሜ ሄድን። ጸሎት ቤቱ በሸንኮራ አገዳው ዳር ካሉት የሠራተኞች ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የመጣው ሰው ሃያ ቢሆን ነው፤ አብዛኞቹ አገዳ ሲቆርጡ ውለው የመጡ። ፊት ለፊት ወጥቼ ቆምኩ። ናሆም ድምፁን ሰጠን። እጄን አነሳሁ፤ አጀማመሩን ስቼው ሶፕራኖዎቹ ቀድመው ገቡ። አስቆምኳቸው። ከመጀመሪያው አስጀመርኳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ስንኝ ሳንዘል እስከ መዝጊያው ዘመርን።

ሲያልቅ ከፊተኛው ወንበር አንድ አዛውንት ተነስተው መጡ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። የሞተብን ሰው እንዳለ እንኳ አልሰሙም።

«ደህና ነው፣ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ እጄን ጨብጠው። «ግን አመሻችሁ። እኛ ንጋት ላይ ነው ሥራ የምንገባው፣ በጊዜ ነው የምንተኛው። በሚመጣው ወር ቀደም በሉ።»

«እሺ አባባ» አልኳቸው። «ቀደም እንላለን።»